ማሞቂያ የተከለከለበት ሳምንት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አጠፋሁት። ምን ላድርግ። ከሞላሌ ገና ሳንወጣ ስልኬ ጮኸ፤ ጌትነት ነው፣ የምነዳት የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ባለቤት። «አለሚቱ፣ ማሞቂያው በርቷል እኮ! ባትሪው መሐል ሜዳ ደርሶ መመለስ አለበት» አለኝ። እሱ ቤቱ ቁጭ ብሎ መኪናዋ የት እንደደረሰች፣ ምን ያህል እንደምፈጥን፣ ምን እንዳበራሁ በስልኩ ያያል። «እሺ» አልኩና አጠፋሁት።

ውጪው ነጭ ነበር። ሣሩ፣ የድንጋይ ካቡ፣ የገብሱ ክምር፣ ሁሉም ውርጭ ለብሷል። ከኋላዬ የታመመ ሕፃን የታቀፈች እናት ተቀምጣለች፤ ወደ መሐል ሜዳ ሆስፒታል ነው የምትሄደው። ማሞቂያው ሲጠፋ ቀና ብላ በመስታወቱ አየችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ረዳቴ ደምሴ ካፖርቱን አውልቆ ሕፃኑ ላይ ደረበላትና በሹራብ ብቻ በሩ ሥር ተቀመጠ። የበሩ ላስቲክ ደግሞ ከላይ በኩል ለቋል፤ ነፋሱ የሚገባው በዚያ ነው።

መሐል ሜዳ ስንደርስ ሕፃኑ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ደምሴ ከንፈሩ ጠቁሮ «ደህና ነኝ» አለኝ። ካፖርቱን መልሶ ሲለብስ ግን ቁልፉን መቆለፍ አቃተው። እኔ ቆለፍኩለት።

ማታ ለተስፋዬ ነገርኩት። ባሌ የናፍጣ ሰው ነው። የጭነት መኪናው ደብረ ብርሃን ማደያ በር ላይ ተሰልፋ ቆማለች፤ ተራውን ለጓደኛው አደራ ብሎ ቤት መጥቷል። እኔ ቤንዚን ጠፍቶ ባጃጄ ከቆመ በኋላ ይቺን የኤሌክትሪክ ሚኒባስ ልነዳ ከገባሁ ጀምሮ አልተዋጠለትም።

«አላልኩሽም? ይቺ መኪና የሜዳ ናት፣ የሞቃት አገር ናት። መንዝ ላይ ሰው ታበርዳለች» አለ።

«መኪናዋ ምን አደረገች? አጥፊ ያለኝ ሰው ነው።»

«ያው ነው፤ ሁለቱም አንድ ነው።»

አንድ አይደለም። ግን በደንብ ማስረዳት አቃተኝ። ሽሮውም እየቀዘቀዘ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ዛሬ ደግሞ ደስ የሚለውንም ልጻፍ። ቁልቁለቱን ስወርድ ባትሪው መልሶ እየሞላ ወረደ። ስንቴ አይቼው አሁንም ይገርመኛል። ማርሽ የለ፣ ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። አንዲት እናት ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ «ልጄ፣ ሞተሩን መቼ ነው የምታስነሺው?» አሉኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ነገሩ ሲገባቸው አብረው ሳቁ።

የመናኸሪያው የናፍጣ ሾፌሮች ግን መኪናዋን «ሌባዋ» ነው የሚሏት፤ ኮቴዋ ሳይሰማ ትደርሳለችና። በጎቹም አይሰሟትም። ዛሬ አንድ መንጋ መሐል ክላክስ እየነፋሁ ነው ያለፍኩት። ተራ ሲሰጡኝም ያንገራግራሉ። አንዱ፣ ያ ቀዩ ረጅሙ፣ «እኛ ናፍጣ ስንጠብቅ ማደያ በር ላይ እናድራለን፤ አንቺ በአምፖል መብራት ትሄጃለሽ» አለኝ። ተናድጃለሁ፤ ንዴቱ ግን ይገባኛል። የተስፋዬም ንዴት ያው ነው።

ከሰዓት ጌትነት ሌላ ትእዛዝ አመጣ። መሐል ሜዳ ላይ ምሳ መኪናዋ ውስጥ ይበላ፣ ሁለታችንም ከመኪናዋ እንዳንርቅ፣ ተሳፋሪ ከሞላ ሳንበላም ቢሆን እንድንነሳ። ደምሴ ሰምቶ ትከሻውን ነቀነቀ።

ለጌትነት የምነግረው፦
የበሩን ላስቲክ ያሠራልን።
ማሞቂያውን ቢያንስ ፀሐይ እስክትሞቅ ይፍቀድ።
ለደምሴ የሥራ ውል ይስጠው። ለነገሩ እኔም የለኝም።
ስልኩን ትንሽ ይተወው። እየነዳሁ ሲጮኽ እደነግጣለሁ።

ይህንን በልቤ ይዤ ወደ ግቢው ሄድኩ። ቻርጅ ማድረጊያውን እየሰካ ነበር። «ደክሞሻል፣ ሂጂና እረፊ፤ የቀረውን እኔ አደርገዋለሁ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ክፉ ሰው አይደለም እኮ፤ የሚያስቸግረው ይሄ ነው። ሳልነግረው ተመለስኩ።

ደምሴ ዛሬ ሲያስለው ዋለ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ደምሴ ሆስፒታል ተኛ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ጠዋት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ተመለስና ተኛ» አልኩት። «ከቀረሁ በቦታዬ ሌላ ያስገባል» አለኝ። የሚሠራው በቀን ሂሳብ ነው፤ ውል የለው፣ ምን የለው። መንገድ ስንጀምር ጥርሱ ሲንገጫገጭ እኔ ጋ ድረስ ይሰማ ነበር። ይቺ መኪና ዝምተኛ ናት፤ ውስጧ ያለው ሁሉ ይሰማል። ማሞቂያውን አበራሁት። ስልኩ ጮኸ። አላነሳሁም። ደግሞ ጮኸ። ዘጋሁት።

መሐል ሜዳ መናኸሪያ ውስጥ በሩን ከፍቶ ሲወርድ መሬት ላይ ዘጭ አለ። ያ ትናንት የተቆጣኝ ቀዩ ሾፌር ሮጦ መጣ። «ኧረ ሰውዬው በትኩሳት ይነዳል!» ብሎ ብብቱን ይዞ አነሳው። ሁለታችን ደግፈን መኪናዋ ውስጥ መልሰን ወደ ሆስፒታል ወሰድነው። ሐኪሟ ደረቱን አዳመጠች። ሳንባ ምች ነው፣ መተኛት አለበት አለች። ለሚስቱ ለብዙነሽ ደወልኩላት። «ካፖርቱን ለብሷል?» አለችኝ። ዛሬ ለብሷል አልኳት።

ስመለስ ማሞቂያው እንደበራ ነዳሁ። ተሳፋሪዎቹ ጋቢያቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። ባትሪው ሞላሌ ስንገባ ቀይ እያሳየ ነበር፤ ይህንንም መጻፍ አለብኝ። ፈርቼ ነበር።

ጌትነት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ስልኩን ለምን ዘጋሽ?»

«ደምሴ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል።»

ደነገጠ። «እግዜር ይማረው» አለ። ቀጥሎም «እስከዚያ ሌላ ረዳት እፈልጋለሁ» አለ።

«የእሱስ ቦታ?»

«የቀን ሠራተኛ ነው አለሚቱ። ቋሚ አይደለም።»

«ብርዱ ነው ያሳመመው። አጥፊ ያልከኝ ደግሞ አንተ ነህ።»

«መንዝ ውስጥ በብርድ ያላደገ ማን አለ? እኔም ደምሴም እዚሁ ነው ያደግነው። ባትሪው መሐል መንገድ ላይ ቢያልቅ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ሜዳ ላይ ቢቀር የሚጠየቀው ማን ነው? አንቺ ነሽ?»

«እንግዲያው ማሞቂያ ከሌለ አልነዳም» አልኩት። አፌ ቀደመኝ፤ አስቤበት አልነበረም። እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት።

ቤት ስገባ ተስፋዬ ፊቴን አይቶ ምድጃው አጠገብ ቦታ ለቀቀልኝ። ደህና አደረገ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ሥራ የለም። የልጆቹን ልብስ አጠብኩ፣ ያልቆሸሸውንም አጠብኩ። መኪናዋ ዛሬ ከግቢ አልወጣችም። በሩ አጠገብ ሳልፍ በቀዳዳው አየኋት፤ ሙሉ ቻርጅ ተደርጋ ቆማለች። አሳዘነችኝ። ሰው ለመኪና ያዝናል? እኔ አዝኛለሁ።

ትናንት የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነበር ወይ እያልኩ ዋልኩ። ጌትነት ስለ ባትሪው ያለው እውነት ነው። መንገዱ ዳገት ነው፣ ብርድም ባትሪ ይበላል፤ እኔም ቀዩን መብራት አይቻለሁ። ግን መፍትሔው ሰው ማብረድ ብቻ ነው? ማለዳ መውጣቱን ቢተወውስ? መሐል ሜዳ ላይ የሚሰካበት ቢፈልግስ? እሱ አንዴም ቁጭ ብሎ አልጠየቀንም። ደምሴ ከታመመ በኋላ እንኳ ያሰበው የሚተካውን ሰው ነው። ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ማምሻውን ተስፋዬ ከመናኸሪያ መጣ። ጫማውን ሲያወልቅ ቆየ።

«ጌትነት መኪናዋን ያዝልኝ አለኝ» አለ።

«አንተን?»

«እኔን።»

ሳቅ መጣብኝ፤ ግን አልጣፈጠኝም። «ይቺ የሜዳ መኪና ያልካትን?»

«የጭነት መኪናው ተራ አልደረሰም። አንቺም ቆመሻል። ሁለታችንም ቆመን ቤቱ በምን ይኖራል?»

«አንተ ከያዝክለት እኔ ለምን ወረድኩ?»

«እኔ ባልይዝ ሌላ ይይዛታል አለሚቱ።»

«ሌላ ይያዛት!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ ከደብተራቸው ቀና አሉ። ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። «ሌላው ባዳ ነው፤ አንተ ባሌ ነህ» አልኩት። ልትሄድ ነው ስለው «እንጃ» አለ። ያውቃል። ጋቢውንና የቆዳ ጓንቱን በር አጠገብ አስቀምጧል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሄደ። ሲወጣ የተኛሁ መስዬ ነበር።

ደምሴን ለመጠየቅ መሐል ሜዳ መሄድ ነበረብኝ። ባሌ የያዛት መኪና ላይ ልሳፈር? አልችልም። የቀዩን ሾፌር የናፍጣ ሚኒባስ ጠብቄ ተሳፈርኩ። ጋቢና አስቀመጠኝ። የሞተሩ ሙቀት ከሥር እየወጣ እግሬን አሞቀኝ፤ ጭሱም ደግሞ አሳለኝ። ለናፍጣ መኪና ሙቀት ትርፍ ነው፣ ሞተሩ ራሱ ይሰጣል። የእኛዋ ከባትሪዋ ቀንሳ ነው የምታሞቀው። ይህን ለተስፋዬ አልነግረውም ብዬ አሰብኩ።

ሾፌሩ መንገድ ላይ «ቁልፉን መለሰች ሲሉ ሰማሁ» አለኝ። አዎ አልኩት። «እኔ ብሆን አልመልስም ነበር» አለ፤ ከዚያ ቆይቶ «እንጃ፣ እመልስ ይሆናል» አለ።

ደምሴ አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። ሲያየኝ ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ሳሉ ያዘው። ብዙነሽ የበግ ፀጉር ባና ይዛለት መጥታ እግሩን ጠቅልላዋለች። ወደ ውጪ ስትሸኘኝ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሥራው ይጠብቀዋል አይደል? እንዲያው እውነቱን ንገሪኝ።»

«ይጠብቀዋል» አልኳት። ዋሸሁ። ሌላ ምን ይባላል?

ተስፋዬ አመሻሽ ላይ ገባ። ምድጃው አጠገብ ተቀመጠና ጣቶቹን ዘረጋ። ጓንት አድርጎም ጣቱ ደርቋል። ልጅቷ ናት «አባዬ፣ እንዴት ነበረች?» ያለችው።

«መኪናዋማ ጥሩ ናት» አለ። «ዳገቱን ዳገት አላለችውም።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ማለዳ አብርቶት እንደነበር ነገረኝ፤ ስልኩ ሲጮኽ አጠፋው። ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እባክህ ልጄ፣ ትንሽ እንኳ» ብለው ለመኑት። ሲለምኑት እንደገና አበራው። እንደገና ተደወለ። «መሪ ይዤ እንደ ልጅ አጥፋ፣ አብራ ስባል…» አለና አልጨረሰውም። ማታ ሲመለስ ቁልፉን ለጌትነት ሰጥቶ መጥቷል።

«አንድ ነው ያልኩሽ ልክ አልነበረም» አለኝ። «መኪናዋ ሌላ፣ ሰውየው ሌላ።»

ቂሜ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ግን ለእጁ ሙቅ ውሃ አቀረብኩለት።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ጽዮን

ቅዳሴው ሲያልቅ መምሬ አስናቀ ጠሩኝ። የእኛም የጌትነት ቤትም የንስሐ አባት ናቸው። ነገሩን ከመናኸሪያ ሰው ሰምተዋል፤ ጌትነት ትናንት ማታ ሾፌር ሲፈልግ ሁሉም እምቢ ብለውታል። ያ ቀዩ ሾፌርም እምቢ ካሉት አንዱ ነው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። እኔ፣ ተስፋዬ፣ ጌትነት፣ መምሬ። ጌትነት ነጠላውን አጣፍቶ አንገቱን ደፍቷል። ከስቷል። እስከዛሬ አላስተዋልኩትም ነበር።

መጀመሪያ እሱ ተናገረ። «አባቴ፣ እኔ ሰው ልጎዳ አላመጣኋትም። ናፍጣ ጠፍቶ ሕዝቡ በእግሩ ሲሄድ አይቼ ነው። ያለኝን ሁሉ ሸጬ፣ ተበድሬ ነው ያመጣኋት። መንገድ ላይ ከቆመች ሰው ሁለተኛ አይሳፈርባትም። ሌሊት ሁሉ ስልኬን ሳይ ነው የማድረው።»

«ስልክህን ስታይ ሰው አታይም» አልኩት። ተስፋዬ ቀስ ብሎ ጉልበቴን ነካኝ። በረጋ ድምፅ ሁሉንም ነገርኩት። ላስቲኩን፣ ምሳውን፣ የሕፃኑን እናት፣ ካፖርቱን። የካፖርቱን ነገር ጌትነት አልሰማም ነበር። ፊቱን በነጠላው አበሰ።

ተስፋዬ ማለዳ የሚወጣው ጉዞ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ይሁን አለ። እኔ መሐል ሜዳ ላይ አንድ የሚሰካበት ቦታ ይፈለግ አልኩ። ጌትነት በሁለቱም ተስማማ፤ ማሞቂያውንም ፈቀደ። ስለ ውሉ ስናነሳ ግን ከረረ።

«እዚህ ቤተ ክርስቲያን ሥር ተቀምጬ የሰጠሁት ቃል አይበቃም?»

«ለእኔ ይበቃ ይሆናል። ደምሴ ግን የተኛ ቀን ነው ከሥራ የወጣው» አልኩት።

መምሬ እስከዚያ ድረስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሲያዳምጡ ነበር። «ጌትነት፣ ደምሴን ሄደህ ጠይቀኸዋል?» አሉት።

«አልጠየቅኩትም አባቴ።»

«እንግዲያው እኛ ጋ ምን አስቀመጠህ?»

ስንለያይ ጌትነት ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ። ስለ ውሉ እሺም እምቢም አላለም።

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ረዳት አልተገኘም። ስለዚህ ጌትነት ራሱ መጣ።

ሞላሌ መናኸሪያ እንዲህ ያለ ነገር አላየም። ባለመኪናው በሩ ላይ ቆሞ «መሐል ሜዳ! መሐል ሜዳ!» ሲል የናፍጣ ሾፌሮቹ ከየመኪናቸው ወርደው አዩት። ማንም አላሾፈበትም። እኔም ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አልሆነልኝም። የደምሴ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ማየት ከበደኝ።

ፀሐይ ወጥታ ነበር የተነሳነው፤ ውርጩ ግን ጥላ ጥላው ላይ አልቀለጠም። ጌትነት በሩ ሥር ተቀመጠ። ላስቲኩ ጋ ነፋሱ ሲያገኘው አንገቱን ሲቀብር በመስታወት አየሁት። ዳገቱ ጋ ስንደርስ «አብሪው አለሚቱ» አለኝ። አበራሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም ዓይናችን ባትሪው ላይ ነው። መሐል ሜዳ ስንገባ ለመመለሻ የሚበቃ አልቀረም። የፈራው ደረሰ።

አንድ ወፍጮ ቤት ለምኖ ሰካት። ተሳፋሪዎቹ አጉረመረሙ፤ አንዳንዶቹ በናፍጣው ሄዱ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከዚያ ጌትነት ተነሣና ወደ ሆስፒታሉ አቅጣጫ ሄደ። ብዙ ቆየ። ሲመለስ ደህና ነው ወይ አልኩት። «ቱቦውን አውጥተውለታል» አለ።

የበሩን ላስቲክ ማታውኑ ሲያስለጥፍ ቆየ። ከጠየቅነው አንዱ ተገኘ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ሁለት ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ። ነድቻለሁ፣ ደክሞኛል። ወፍጮ ቤቱ በየቀኑ እሺ አይልም፤ ትናንት መብራት ጠፍቶ ከሰዓቱን ሙሉ ቆመን ዋልን። የተስፋዬ ተራ ደርሶ ደብረ ብርሃን ሄዷል። በስልክ «ሌባዋ እንዴት ናት?» ይለኛል።

ደምሴ ዛሬ ቤቱ ገባ። እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ማሞቂያው በርቶ። ከመኪና ወርዶ እስከ ቤቱ ሲሄድ አጥሩን እየያዘ ነው። ተደግፎ ከተኛ በኋላ ጌትነት መጣ። በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ይዟል። የሥራ ውል ነው፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የደምሴ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠው።

እስከ በር ተከትዬው ወጣሁ። የእኔን ቆሜ ገለጥ ገለጥ አድርጌ ነበር። «ማሞቂያው የለበትም» አልኩት።

«እሱን በቃል ተስማምተን የለም?»

«ታኅሣሥ ሲገባ ብርዱ ይብሳል ጌትነት።»

«አውቃለሁ» አለ። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አየው፣ መልሶ ከተተው፣ ሄደ። ምን እንደማስብ አላውቅም። ጥሩ ነገር አድርጓል። ነገ ይጸናበት እንደሆን አላውቅም። የእኔን ገና አልፈረምኩም፤ ነገ ማሞቂያውን ጨምርበት እለዋለሁ። እምቢ ካለስ? አላውቅም።

ተመልሼ ገባሁ። ደምሴ መነጽሩን አላገኘም፤ አንብቢልኝ አለኝ። ከላይ ጀምሬ አነበብኩለት፣ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የሥራውን ዓይነት። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ የተኛ መስሎኝ ነበር። «ሠራተኛው በሕመም ምክንያት ከሥራ ሲቀር የሐኪም ማስረጃ እስካቀረበ ድረስ የሥራ ቦታው ይጠበቅለታል» የሚለው ጋ ስደርስ ዓይኑን ገለጠ።

«እሱን ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩት።

ብዙነሽ ሾርባውን ይዛ ከጓዳ ወጣች። ደምሴ በእጁ አስቆማት። «ለእሷም አንብቢላት» አለኝ።

ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ቀስ ብዬ፣ አነበብኩላት።